ሞጣ ምድር ቤት ውስጥ የማይባለው ቃል

በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሰው ነግሮኝ አይደለም። ሕልም አይደለም። ጠጥቼም አልነበረም።

ጥር ወር ነው፤ 2002 ዓ.ም.። ቦታው ሞጣ ከተማ፣ አንዲት እህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ያለ ምድር ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ... ከቀኑ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ «ጨለማ አታሎህ ነው» ትሉኝ ነበር። ውጭ ግን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ሴቶች በርበሬ አስጥተዋል። የጎረቤት ራዲዮ ይዘፍናል። ከዚያ ሁሉ ብርሃን ሥር፣ ከእግራቸው ሥር፣ እኔ ነበርኩ...

ቢቸና ላይ ታዘበውን የማያውቅ የለም። ታዘበው እኔ ነኝ። አንዳንድ ሰዎች «ታዘበው አንዱን አስር ያደርጋል» ይላሉ። ቅናት ነው። ይህን ታሪክ ግን እንኳን ልጨምርበት፣ ቀንሼ ነው የማወራችሁ። ሙሉውን ብነግራችሁ ቀን በቀን መብራት አብርታችሁ ትውላላችሁ።

ኤል ኢ ዲ የሚባለውን መብራት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መንግሥት ራሱ ከእኔ ነው ያየው። ከደጀን እስከ መርጡለ ማርያም ባትሪ የሚበላ ፋኖስ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሱቅ ነበር የሚመጣው። አንድ ገበሬ የሠራሁለትን ፋኖስ ደጁ ላይ ቢሰቅለው፣ የመንደሩ ዶሮዎች ነጋ ብለው ከቆጥ ወርደው ጥሬ ሲለቅሙ ተገኙ። ጎረቤት ተሰብስቦ ለምኖ ነው ያስጠፋው።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌውን አምፖል እነቅላለሁ። አምፖል ሆዳም ነው፤ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ብታጎርሱት ወዲያው ቢጫ ሆኖ ያንቀላፋል። በቦታው ከተሰበሩ የቻይና ባትሪዎች የለቀምኳቸውን ትንንሽ ነጭ መብራቶች ዙሪያውን ክብ አድርጌ እበይዳለሁ። ያው ድንጋይ፣ ያው ፋኖስ... ብርሃኑ ግን ሌላ።

ከዚያ ደንበኛዬን ከነፋኖሱ ብርድ ልብስ አከናንቤ ከውጭ ሆኜ እጠይቀዋለሁ።

«ይታያል?»

«ኧረ ይታያል!»

ይህች ቃል የሱቄ ቃል ናት። በቀን መቶ ጊዜ እላታለሁ። ምላሴ ላይ ነው የምታድረው።

ይህችው ቃል ናት ልታስቀረኝ የነበረችው...

*

ወይዘሮ ይርጋነሽ ስሜን ሰምተው ከሞጣ ድረስ መጡ። ለለቅሶ ነው የመጡት የሚሉ አሉ። ለለቅሶ የመጣ ሰው ፋኖስ አንጠልጥሎ ይመጣል?

ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አረንጓዴ፣ ባለ እጀታ፣ አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ የካምፕ ፋኖስ። መንገድ ቀያሾች ናቸው አሉ ጥለውት የሄዱት።

«ኢንጂነር የሚሉህ አንተን ነው?»

«ሌላ ማን አለ እትዬ?»

«አፍህስ ኢንጂነር ነው። እስቲ እጅህን እንየው።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ምኑን ነው ያመመው?» አልኳቸው።

«ላይ ይበራል። ታች ይጠፋል።»

«ታች የት?»

«ምድር ቤቴ ውስጥ ነዋ። እህል የማኖርበት። ደጅ ላይ ስታበራው እሳት ነው፤ ይዘኸው ስትወርድ ድርግም። ድንጋዩን ቀየርኩ፣ አምፖሉን ቀየርኩ...»

«አምፖል ፈሪ ነው እትዬ። ኤል ኢ ዲ አይፈራም።»

ይህን ስላቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

«እንግዲያው ራስህ ይዘኸው ትወርዳለህ» አሉኝ። «ጫኝ አውራጆቹ አንገባም ብለውኛል። ባቄላዬን ነቀዝ እየጨረሰው ነው። አንተ ወርደህ መብራቱ ሳይጠፋ ከወጣህ፣ ያኔ እነሱም ይወርዳሉ።»

«እንኳን የርስዎ ምድር ቤት፣ አባይ ሥር ውረድ ቢሉኝ እወርዳለሁ።»

«እሱን እናያለን» አሉ።

ፋኖሱን ስፈታው ምንም አልነበረበትም። ዝገት የለ። የላላ ሽቦ የለ። አምፖሉም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል... መስታወቱን ከውጭ ብወለውለው ብወለውለው የማይለቅ ጭጋግ ነበረበት። ሰው አፉን አስጠግቶ የተነፈሰበት ይመስላል።

ጭጋጉ ከውስጥ በኩል ነበር።

*

በማግስቱ በቅጥቅጥ አውቶብስ ሞጣ ገባሁ። ፋኖሱን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነው የሄድኩት። ስምንት ነጭ መብራቶች ገጥሜለታለሁ፤ ዙሪያውን፣ እንደ አክሊል። በጠራራ ፀሐይ ሳበራው ሹፌሩ «ጌታው፣ መስታወቴ ላይ አንጸባረቀ» ብሎ ተቆጥቶኛል።

ግቢው ሰፊ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ መሬት ላይ የተጋደመ የብረት ክዳን አለ፤ ጣሊያን የሠራው ነው ይላሉ። ክዳኑ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

የቁልፉ ያዥ ምናለ ይባላል። ረጅም፣ አንገቱን ደፋ ያደረገ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው። ለሰላምታ እጄን ሲጨብጠኝ ዓይኑ ፋኖሱ ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይምጡ።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

«እዚህ አይሆንም።»

ከግቢው በር ውጭ ወሰደኝ። ግራ ቀኙን አየ። ክዳኑ ወዳለበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጠ።

«እዚያ ውስጥ የማይባል ቃል አለ።»

«ምን ዓይነት ቃል?»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ይታያል።»

«ምኑ ነው የሚታየው?» አልኩ ዞር ዞር ብዬ።

«ስሙ ነው ጋሼ። ይታያል... የወንድሜ ስም ነው።»

ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት።

«ጫኝ አውራጅ ነበር» አለ። «ሞጣ ላይ እንደሱ ኩንታል የሚሸከም አልነበረም። የዛሬ ሦስት ዓመት ይህንኑ ፋኖስ ይዞ ወረደ። መብራቱ ጠፋ። ከላይ ሆነን ጠራነው። ‹አቤት› አለ። ‹ውጣ እንጂ› ከማለት ደግመን ስሙን ጠራነው። ‹አቤት› አለ... ራቅ ብሎ። በጠራነው ቁጥር አቤት ይላል። በጠራነው ቁጥር ይርቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወረድን። ጆንያውን አንድ በአንድ አወጣን። ግድግዳ ብቻ። ፋኖሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። እሱ የለም።»

«ሌላ በር ይኖረዋል።»

«የለውም። ፖሊስ መጣ፤ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፤ ሄደ።»

ግራ ቀኙን ደግሞ አየ።

«ከዚያ ወዲህ» አለ፣ «እዚያ ውስጥ ሆኖ ያንን ቃል ያለ ሰው መልስ ይሰማል። ጫኝ አውራጅ ሲሠራ ‹ጆንያው ይታያል፣ ደረጃው ይታያል› ማለቱ አይቀርም። እሱ ደግሞ የጠሩት ይመስለዋል። ስለዚህ ጋሼ... ‹በርቷል› ይበሉ። ‹አየሁት› ይበሉ። ያንን ግን አይበሉ።»

«እሺ፣ ገባኝ።»

«ሁሉም ጠርተውት ይሸሻሉ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ። «አቤት ሲላቸው... ለምን እንደጠሩት የነገረው አንድም ሰው የለም።»

ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ የእኔ አፍ የተገራ ነው» አልኩት።

አቤት የዋሸሁት ውሸት!

*

ክዳኑ ተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ላሰኝ። የባቄላ፣ የአቧራ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ...

እትዬ ይርጋነሽ ከላይ ቆመዋል። ምናለ ክዳኑን ይዟል።

«ኢንጂነር፣ ፈራህ እንዴ?»

«እኔ? ጨለማው ነው የፈራኝ።»

ፋኖሱን አበራሁ። ወረድኩ።

ደረጃው ድንጋይ ነው፤ መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ታች ስደርስ ፋኖሱን ከፍ አደረግሁት።

አልጠፋም!

እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ አታምኑም። የአምፖል ብርሃን ቢጫ ነው፤ ትንሽ ሄዶ ይደክመዋል። የእኔ ግን ነጭ፣ ሹል፣ እንደ ምላጭ ነው። ምድር ቤቱ ረጅም መተላለፊያ ይመስላል። በግራና በቀኝ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። መሐሉ ጠባብ መንገድ። መጨረሻው ላይ ግድግዳ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያንን ግድግዳ ከደረጃው ላይ ሆኖ ያየ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቀስ ብዬ ገባሁ።

መጀመሪያ የታዘብኩት አቧራውን ነው። ጆንያዎቹ ላይ ጣት የሚያስገባ አቧራ አለ። መሐል መንገዱ ላይ ግን የለም። ንጹሕ ነው... በየቀኑ ሰው እንደሚመላለስበት።

ቀጥሎ የገዛ ኮቴዬን ሰማሁት። አንድ እራመዳለሁ፤ ኮቴው ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። «የገደል ማሚቶ ነው» አልኩ። ለማረጋገጥ ሳል አደረግሁ።

ሳሌ አልተመለሰም። ኮቴዬ ብቻ ነው የሚመለሰው።

መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከታች የተጋደመ አንድ ጆንያ መሐሉ ጎድጉዷል። ሰው ለብዙ ጊዜ የተቀመጠበት ዓይነት ጉድጓድ። እጄን ሰደድኩ...

ሞቃት ነበር።

እጄን መለስ አደረግሁ። ወደ ደረጃው ፊቴን አዞርኩ። ከሩቅ የቀን ብርሃን በክዳኑ አፍ ይገባል፤ የእትዬ ይርጋነሽ ጥላ ደረጃው ላይ ተጋድሟል። «ልውጣ» አልኩ በልቤ። «መብራቱ አልጠፋም፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ከላይ የጮኹት።

«ኢንጂነር! ኧረ አለህ? እንዴት ነው መብራቱ?»

ወዳጆቼ... ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ አልችልም። ደረቴ ይነፋል። ፋኖሱን ከፍ አደረግሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ እንዲህ አልኩ፦

«እትዬ! እንኳን ባቄላው፣ የባቄላው ዓይን ሳይቀር ይታያል!»



ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው።

ከኋላዬ... ከግድግዳው በኩል...

«አቤት።»

የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም። ያ ነው የሚያስፈራው። ትሁት ነው። አሠሪው የጠራው፣ ሥራ ላይ የነበረ፣ እጁን እያራገፈ የሚመጣ ሰው ድምፅ ነው።

ሮጥኩ!

ደረጃው እግር ሥር ስደርስ እትዬ ይርጋነሽ «በሥላሴ! ዝጋው! ዝጋው!» ሲሉ ሰማሁ። ቀና አልኩ። የቀኑ ብርሃን እየጠበበ ሄደ... ብረቱ ጓ! አለ። ጓጉንቸሩ ቀጭ።

«እኔ ነኝ! ታዘበው ነኝ! ክፈቱ!»

ደረጃውን ወጥቼ፣ ፋኖሱን አጠገቤ አስቀምጬ በሁለት እጄ ደበደብኩት። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

«ምናለ! ክፈት እንጂ ሰውዬ!»

ከላይ ትንፋሽ ሰማሁ። አፉን ክዳኑ ላይ አስጠግቶታል።

«ጠራኸው» አለኝ። አንቱታው ቀርቷል።

«ምላሴ አዳልጦኝ ነው! ክፈትልኝ!»

«መልሶልሃል። ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ራሱ ነው...»

«እባክህ ምናለ...»

«አልከፍትም። ሁሉም ጠርተውት ሸሹ። ሦስት ዓመት ሙሉ አቤት ሲል አንድ ሰው አልመለሰለትም። የጠራኸው አንተ ነህ። ይዘኸው ውጣ።»

«አብደሃል?! ምኑን ነው የምይዘው?»

የእትዬ ይርጋነሽ ድምፅ ገባ። «አንተ! ቁልፉን አምጣ! ዝጋው ያልኩህ ደንግጬ ነው! የሰው ነፍስ ነው!»

«አይንኩኝ እትዬ።»

«ሰው ይሞትብሃል እኮ!»

«ወንድሜስ ሰው አልነበር?»

የሚሮጥ እግር ሰማሁ፤ ሰው ሊጠሩ ሄዱ መሰለኝ። ሰው እስኪመጣ፣ ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ እስኪገኝ... እኔ ከታች ነኝ።

እዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ፣ ክዳኑ አናቴን እየነካኝ፣ ፋኖሱን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

*

«አቤት?»

ቀርቧል።

ከመብራቶቹ አንዱ ጠፋ።

ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሦስተኛው...

ስሙኝ። እነዚያን መብራቶች በእጄ ነው የበየድኳቸው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዳይጠፋ ለየብቻ ነው ያገናኘኋቸው። ተራ ጠብቀው የሚጠፉበት ምክንያት የለም። ድንጋዩ ቢያልቅ እንኳ ሁሉም አብረው ነው የሚደክሙት።

አየኋቸው። የጠፉት ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ የዞሩት ናቸው። ወደ እኔ የዞሩት ይበራሉ።

ፋኖሱን አዞርኩት።

የጠፉት በሩ። የበሩት ጠፉ።

ያኔ ነው የገባኝ። መብራቱ አልተበላሸም። መብራቶቹ አንዳቸውም አልጠፉም።

ከፊታቸው የቆመ አለ።

ዓይኔን አፍጥጬ ተመለከትኩ። ጆንያ የለም። ሰው የለም። ጥላ እንኳ የለም። ይታያል ቆሟል... ግን አይታይም።

«አቤት። ጠሩኝ?»

ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። የላብና የቃጫ ሽታ መጣብኝ። ትንፋሹ ብርድ ነው።



«በስህተት ነው» አልኩ። «አንተን አይደለም። ሂድ... ተመለስ።»

ምንም እንዳልሰማ፦

«አቤት?»

አንድ ደረጃ ወጣ።

«አልጠራሁህም አልኩህ እኮ!»

«አቤት?»

መብራቶቹ ተራ በተራ ጠፉ። የቀረው አንድ ነው፤ ጉያዬ ውስጥ የደበቅሁት። በዚያች ነጭ ነጥብ የራሴ ጉልበት ብቻ ነው የሚታየኝ... ጉልበቴ አጠገብ ደግሞ፣ ሱሪዬ ላይ፣ ጨርቁ በአምስት ቦታ ወደ ውስጥ ተጫነ። እንደ ጣት።

ጮህኩ።

እዚያ ላይ ሆኜ፣ አእምሮዬ ሊበታተን ሲል፣ ምናለ በር ላይ ያለኝ ትዝ አለኝ። ለምን እንደጠሩት የነገረው ሰው የለም።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰው ጠርቶ፣ አቤት አሰኝቶ፣ ዝም ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። የተጠራ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጉዳዩ ሳይነገረው አይሄድም። ይህ ደግሞ ሦስት ዓመት ቆሟል።

ጉዳይ ልሰጠው ይገባል። ለጫኝ አውራጅ ምን ይታዘዛል?

«ና» አልኩት። «ሸክም አለ።»

የሱሪዬ ጨርቅ ተለቀቀ።

«ምን ልሸከም?»

ከአቤት ሌላ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ድምፁ ደስ ያለው ይመስላል...

«እኔን» አልኩት። «ተሸክመህ አውጣኝ።»

የመጨረሻዋ መብራት ጠፋች።

*

እኔ ቀላል ሰው አይደለሁም። ቢቸና ላይ ስቀመጥ የሰበርኳቸው ወንበሮች አንድ ትምህርት ቤት ይሞላሉ። እሱ ግን እንደ ገለባ ነው ያነሳኝ። ሆዴ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንት ነው፤ ብርድ የሆነ አጥንት። አንድ እጁ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ።

ፋኖሱ ከእጄ ወድቆ ደረጃ ለደረጃ ሲንከባለል ሰማሁ። ቋ... ቋ... ቋ...

መራመድ ጀመረ።

ወደ ላይ አልነበረም።

«ወደ ላይ ነው!» አልኩት። «ክዳኑ ወደ ላይ ነው!»

አልመለሰልኝም። ወደ ውስጥ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ጆንያ ትከሻዬን ይፍቀኛል። ሸክም የለመደ ሰው አረማመድ ነው፤ ጉልበቱ ሰበር፣ ቀና፣ ሰበር፣ ቀና።

አሁን ግድግዳው ጋ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ግድግዳው አልመጣም።

ጆንያዎቹ ትከሻዬን መንካት አቆሙ። አየሩ ተለወጠ። ሰፊ ነው፤ ንፋስ አለው፤ ከሩቅ የሚፈስ ነገር ይሰማል። ያ ምድር ቤት ያን ያህል ርዝመት የለውም! በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በራሴ መብራት! እሱ ግን ይሄዳል... ይሄዳል... መሬቱም ቀስ እያለ ቁልቁል ሆነ።

ከዚህ ካለፍኩ እንደማልመለስ አወቅሁ። እንዴት አትበሉኝ። ሰውነቴ ነው ያወቀው።

አንድ ስም ብቻ መጣልኝ። ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጮህኩ፦

«ምናለ!»

ቆመ።

እግሩ ባለበት ተተከለ። ትከሻው ከሆዴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ምን አለ?» አለኝ።

አልገባኝም። «ምናለ!» አልኩ ደግሜ፣ እያለቀስኩ። «ምናለ! ወንድምህ!»

«ወንድሜ ምን አለ?»

ያኔ ገባኝ። እኔ ስም እጠራለሁ፤ እሱ ወሬ የመጣለት ነው የመሰለው። ሦስት ዓመት እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ ከላይ ያለው ወንድሙ ምን እንዳለ የነገረው ሰው የለም...

«ና አለ» አልኩት።

«ና አለ?»

«አዎ። ና አለህ። ቁልፉን ይዞ ደጅ ቆሟል። ይዘኸው ውጣ አለኝ እኔን። አንተን ነው የሚጠብቀው።»

ከሩቅ የሚፈሰው ነገር ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ዞረ።

ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣው። ጆንያዎቹ መልሰው ትከሻዬን ፋቁኝ። ደረጃው መጣ። ትንፋሹ ቁና ቁና ይላል፤ የሚደክመው ሰው ትንፋሽ፣ ሕይወት ያለው ሰው ትንፋሽ። ጀርባዬ ብረቱን ሊመታ ሲል፣ ከሥሬ፣ ከደረቱ፣ ጫኝ አውራጅ ሸክም ይዞ ሲወጣ የሚጮኸውን ጮኸ፦

«መንገድ! መንገድ!»

ጓጉንቸሩ ሲከፈት ሰማሁ። ያ ቁልፍ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ...

ብርሃን።

*

የቀን ብርሃን ዓይኔን አሳወረኝ። ተሸክሞኝ አልፎ ሲሄድ፣ የግቢው መሬት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የእትዬ ይርጋነሽ ፊት ተገልብጦ ታየኝ። ሰው ይዘው መጥተው ነበር። ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አፋቸው ተከፍቷል።

ከዚያ አስቀመጠኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጥለኝ፣ ጆንያ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ዓይኔን ስገልጥ የተቀመጥኩት መሬት ላይ አይደለም። መጋዘኑ በር ላይ ባለው ትልቅ ሚዛን ላይ ነው። ኩንታል የሚመዘንበት፣ ባለ ቀስቱ። ከምድር ቤቱ የወጣ ሸክም ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።



ከሚዛኑ ላይ ተንከባልዬ ወረድኩ። በእጄ እየዳህኩ ራቅሁ። እትዬ ይርጋነሽ በጀርባዬ ሆነው «የአምላክ ያለህ... የአምላክ ያለህ...» ይላሉ፣ እንደ ሹክሹክታ።

ወደ እኔ የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት ሚዛኑን ነው። ዞር ብዬ አየሁ።

ሚዛኑ ላይ ምንም የለም።

ቀስቱ ግን አልወረደም። የአንድ ሰው ክብደት ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል... ቁና ቁና እንደሚተነፍስ ሰው።

ምናለ ቁልፉን ከእጁ ጣለ። በሰዎቹ መሐል አለፈ። በእኔ በኩል ሲያልፍ አላየኝም። ሚዛኑ ፊት ቆመ፤ ለብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ባዶውን ቦታ ተመለከተ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያለውን አልሰማሁትም።

ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ዘረጋው። ብርድ የበላውን ሰው እንደሚያለብስ፣ ከሚዛኑ በላይ ባለው አየር ላይ ቀስ አድርጎ ጣል አደረገው።

እጁን ለቀቀ።

ጋቢው አልወደቀም።